ያገለገለች ኮርቬት ሲ8 ልገዛ ነው፤ የተራዘመ የጥገና ውል ያስፈልገኛል?

አዲስ ገዢ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ጤና ይስጥልኝ ወንድሞችና እህቶች። ስለ ስፖርት መኪና በቂ ልምድ ያላችሁን ሰዎች ምክር ፈልጌ ነው የምጽፈው። ለመግዛት የመረጥኳት የ2022 ሞዴል ሼቭሮሌት ኮርቬት ሲ8 (የኮርቬት ስምንተኛው ትውልድ) ስትሆን፣ ዜድ51 የተባለው የፋብሪካው የስፖርት አነዳድ ጥቅል ያላት፣ 21,000 ማይል አካባቢ የተነዳች እና እስካሁን አንድ ባለቤት ብቻ የነበራት ናት። ነድቼ አይቻታለሁ። ሞተሯ ከሾፌሩ ጀርባ ስለተቀመጠ የፊቷ ኮፈን ዝቅ ብሎ መንገዱ በጣም ቀርቦ ይታያል፣ መሪዋም ለትንሽ የእጅ እንቅስቃሴ ወዲያው ይታዘዛል። በዚህ በኩል ምንም ጥርጣሬ የለኝም።

የሚያሳስበኝ ከግዢው በኋላ ያለው ነገር ነው። ሻጩ እንደነገረኝ አጠቃላዩ የፋብሪካ ዋስትና ጊዜው አልፏል፤ የሞተርና የካምቢዮ ዋስትናዋ ግን ገና የተወሰኑ ወራት ይቀሩታል። ከዚያ በኋላ ለሚመጣው ጊዜ የአራት ዓመት የተራዘመ ውል እንድገዛ አጥብቆ እየወተወተኝ ነው፤ ካምቢዮው አንድ ቀን ቢበላሽ ከአቅሜ በላይ የሆነ ገንዘብ እንደሚጠይቀኝም ደጋግሞ ነግሮኛል። የውሉ ዋጋ ከወርሃዊ ክፍያዬ ጋር ተደባልቆ ስለቀረበልኝ ጠቅላላ ድምሩን ለማወቅ እንኳ መጠየቅ ነበረብኝ። በዚህ ላይ የቀድሞው ባለቤት የፋብሪካውን ማርሚታ (የጭስ ማውጫ) አውጥቶ በሌላ ኩባንያ ምርት ተክቶታል።

ማርሚታው መቀየሩ የቀረውን ዋስትና ያፈርሰዋል? ውሉንስ ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ? መኪናዋን በሳምንቱ መጨረሻ ብቻ ሳይሆን ወደ ሥራም ልሄድባት ስለማስብ፣ በየቀኑ የሚነዳት ሰው ምን ማወቅ እንዳለበትም ብትነግሩኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

የጋራዥ ሰው (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ወንድሜ፣ ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት መጠየቅዎ መልካም ነው። ከሁሉ አስቀድመው ማረጋገጥ ያለብዎት ዋስትናው መቆጠር የጀመረበትን ቀን ነው። ለኮርቬት የሚሰጠው አጠቃላይ ዋስትና 3 ዓመት ወይም 36,000 ማይል፣ የሞተርና የካምቢዮው ደግሞ 5 ዓመት ወይም 60,000 ማይል ሲሆን፣ በሁለቱም ቀድሞ የሞላው ይወስናል። ጊዜው የሚቆጠረው ግን በሞዴሉ ዓመት ሳይሆን መኪናዋ ለመጀመሪያው ባለቤት ከተሰጠችበት ቀን ጀምሮ ነው። የ2022 ሞዴል የሆነች መኪና በ2021 መጨረሻ ወይም በ2022 መጨረሻ ተሸጣ ሊሆን ስለሚችል፣ ሻጩ በደፈናው «የተወሰኑ ወራት» ያለው ነገር ለእርስዎ ብዙ ገንዘብ ማለት ነው። የሻንሲ ቁጥሯን ይዘው ወደ አንድ የሼቭሮሌት ዲለር የጥገና ክፍል ቢሄዱ፣ ቀኑን፣ ያልተሠራላት ሪኮል (ፋብሪካው በነፃ እንዲስተካከል የጠራው ጉድለት) መኖር አለመኖሩን እና ቀደም ሲል በዋስትና የተሠራላትን ከኮምፒውተር አይተው ሊነግሩዎት ይችላሉ። የፋብሪካው ዋስትና ከመኪናዋ ጋር የሚሄድ በመሆኑ ባለቤት ስትቀይር የማዛወሪያ ክፍያ የለውም።

ማርሚታው በመቀየሩ ብቻ ዋስትናው ፈርሷል የሚል ሰው ቢገጥምዎት አይቀበሉት። በ1975 የወጣው ማግኑሰን-ሞስ የተባለው የፌዴራል የዋስትና ሕግ፣ አምራቾች «የእኛን ዕቃ ብቻ ካልተጠቀማችሁ ዋስትና የለም» እያሉ ገዢውን እንዳያስገድዱ ይከለክላል። አምራቹ አንድን ጥገና በዚህ ምክንያት አልሸፍንም ማለት የሚችለው ብልሽቱን ያመጣው በኋላ የተገጠመው ዕቃ መሆኑን ሲያሳይ ነው። የበር መስኮት ሞተር ቢቃጠል ከማርሚታ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

የሞተሩን ኮምፒውተር ፕሮግራም መቀየር ግን ፈጽሞ የተለየ ጉዳይ ነው። ዲለሮች ትልቅ የሞተር ወይም የካምቢዮ ሥራ በዋስትና ከመሥራታቸው በፊት በኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ፕሮግራም የፋብሪካው መሆኑን የሚያረጋግጡበት መንገድ አላቸው፤ ተቀይሮ ከተገኘ የሞተሩና የካምቢዮው ዋስትና አደጋ ላይ ይወድቃል። ማርሚታ የሚቀይር ሰው አንዳንድ ጊዜ ፕሮግራሙንም ስለሚነካ፣ ይህ ምርመራ ከግዢው በፊት ተደርጎ ውጤቱ በጽሑፍ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ። መኪናዋን በሊፍት አስነስተውም ጭሱን የሚያጣራው ካታላይዘሯ በቦታው መኖሩን ይዩ፤ ማውጣቱን የፌዴራል ሕግ ይከለክላል፣ በእናንተ አካባቢም በየሁለት ዓመቱ የጭስ ምርመራ አለ። የፋብሪካው ማርሚታ በቀድሞው ባለቤት ቤት ተቀምጦ ከሆነ ደግሞ ከመኪናዋ ጋር እንዲሰጥዎ በሽያጩ ውል ላይ ያስገቡት።

ስለ ካምቢዮው ሻጩ የነገርዎት ነገር መሠረት አለው። ሲ8 ከ1953 ጀምሮ ለገበያ ከቀረቡት ኮርቬቶች ሞተሯ ከሾፌሩ ጀርባ የሆነ የመጀመሪያዋ ስትሆን፣ በእጅ የሚቀየር ካምቢዮ የላትም። ያላት ትሬሜክ የተባለው ኩባንያ የሚሠራው፣ ባለ ሁለት ፍሪሲዮንና ባለ 8 ማርሽ ነው። ሞዴሉ በወጣባቸው የመጀመሪያ ዓመታት ካምቢዮው ችግር ሲያሳይ፣ ዲለሮች ውስጡን ከፍተው ከመጠገን ይልቅ ሙሉውን አውጥተው ይቀይሩት ነበር። ይህን ከኪስ መክፈል ለማንም ከባድ ነው። ነገር ግን ካምቢዮው በትክክል ከተያዘ የሚያስፈራ አይደለም። ከውጭ የሚፈታ ፍልትሮ አለው፤ የመጀመሪያው ፍልትሮ ቀደም ብሎ፣ 7,500 ማይል ላይ፣ መቀየር ያለበት በመሆኑ የዚያን ሥራ ደረሰኝ አሳዩኝ ይበሉ። የሞተሩ ዘይትም 0ደብልዩ-40 የተባለው ዓይነት ሲሆን፣ መኪናዋ ብዙ ባትነዳም ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ መቀየር አለበት። ሻጩ እነዚህን ደረሰኞች ማቅረብ ካልቻለ፣ የዋጋ ቅናሽ ከመጠየቅ ይልቅ ሌላ መኪና ቢፈልጉ እመርጣለሁ። እንደዚህ ዓይነት መኪና በገበያው ላይ በብዛት አለ።

የፌርፋክሷ

እኔም የሲ8 ባለቤት ስለሆንኩ የጋራዡ ወንድሜ ባልነካው በኩል ልጨምር። ሻጩ «የተራዘመ ዋስትና» የሚለው ነገር ዋስትና አይደለም፤ በተጨማሪ ክፍያ የሚገዛ የጥገና ውል ነው። ዋናው ጥያቄም ብልሽት ሲመጣ በውሉ መሠረት የሚከፍለው ማን እንደሆነ ነው። በአምራቹ ስም የሚሸጠው ውል አለ፣ ዲለሩ ለሌላ ድርጅት ወኪል ሆኖ የሚሸጠው ውልም አለ፤ ሁለቱ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሲቀርቡ ወረቀቶቻቸው ይመሳሰላሉ። ቀድሞ በነበረኝ ሌላ መኪና እንዲህ ያለ የሦስተኛ ወገን ውል ገዝቼ ነበር። ብልሽት ሲመጣ ድርጅቱ ፈቃድ ከመስጠቱ በፊት ሞተሩ በእኔ ወጪ ተፈትቶ እንዲታይ ጠየቀ፤ ከተፈታ በኋላ ደግሞ የዘይት ቅያሪ ደረሰኞቼ በሙሉ ስላልቀረቡ አልከፍልም አለ። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» እንደሚባለው፣ ከዚያ ወዲህ የእያንዳንዱን ሥራ ወረቀት፣ ማይሉና ቀኑ የሚነበብበትን፣ በአንድ ማኅደር አስቀምጣለሁ።

ስለዚህ ናሙናውን ሳይሆን የሚፈርሙበትን ውል ራሱን ይጠይቁና ቤትዎ ወስደው ያንብቡት። «የማይሸፍነው» የሚለውን ክፍል መጀመሪያ ያንብቡ፤ የሚሸፍናቸው ነገሮች ዝርዝር ሁልጊዜ ረጅምና የሚያጓጓ ነው። በተለይ የተቀየረ ዕቃ ስላላት መኪና የሚናገረውን አንቀጽ ይፈልጉ። ለፋብሪካው ዋስትና ያ ማርሚታ ችግር ባይሆንም፣ ብዙዎቹ የግል ውሎች ከፋብሪካው ይዘት የተለወጠች መኪናን በሰፊው ያገልላሉ፤ ስለዚህ ከእርስዎ መኪና ላይ ያለው ማርሚታ የሚከፍሉበትን ውል ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ባዶ ሊያደርገው ይችላል። በእያንዳንዱ ጥገና እርስዎ የሚከፍሉት ድርሻ ስንት እንደሆነ፣ በየትኛውም የሼቭሮሌት ዲለር ይሠራ እንደሆነ፣ ውሉን ቢሰርዙ ምን ያህል እንደሚመለስልዎ በግልጽ መጻፍ አለበት። በእኔ አስተያየት ውል የሚገዙ ከሆነ በአምራቹ ስም የሚሸጠውን ብቻ ይግዙ።

ወደ ዕለት ተዕለት ኑሮዋ ስመለስ፣ መኪናዋን በየቀኑ መንዳት ይቻላል፤ ከፊትም ከኋላም የዕቃ መጫኛ አላት። የጣሪያዋ ክፍል ተነቅሎ ከኋላው መጫኛ ውስጥ ይገባል፤ የዚያን ቀን ግን ለሌላ ዕቃ የሚተርፍ ቦታ አይኖርም። የፊቷን ከፍታ የሚጨምረው መሣሪያ ካላት እጅግ ጠቃሚ ነው። ቦታዎችን በጂፒኤስ እስከ 1,000 ድረስ ስለሚያስታውስ፣ የቤትዎን መግቢያ አንዴ ካስመዘገቡ በኋላ እዚያ ሲደርስ በራሱ ከፍ ይላል። በሙከራ ጉዞው ላይ ይህን ደጋግመው ያሠሩት፤ የሚሠራው በሃይድሮሊክ ስለሆነ ከዋስትና ውጭ ሲበላሽ ርካሽ አይደለም። ካሜራ ያለው የጉዞ መቅጃ ካላት ደግሞ መኪናዋን ለሌላ ሰው ሲሰጡ የሚከፈት ሥርዓት አለው፤ ጋራዥ ስተዋት ሁልጊዜ እከፍተዋለሁ፣ ማን በምን ያህል ፍጥነት እንደነዳት በቪዲዮ አይቼ አውቃለሁ።

አንድ ነገር አደራ የምለው ጎማ በሚቀየርበት ቀን ነው። ይህች መኪና ስኮርታ ጎማ የላትም፤ ክሪክ የሚገባባቸው አራት ነጥቦችም በሥሯ ባሉ ቀዳዳዎች ውስጥ የሚሰኩ ትናንሽ የጎማ ማረፊያዎችን ይፈልጋሉ። ማረፊያዎቹ ዋጋቸው ትንሽ ነው፤ ያለ እነርሱ ግን ተራ ክሪክ የጎኗን ሽፋን ይሰነጥቀዋል። አካሏ ላሜራ ሳይሆን ፋይበር ስለሆነ ተጠፍጥፎ አይቃናም። እኔ አራቱንም በጓንት ሳጥን ውስጥ አስቀምጫለሁ፤ ጎማ ቤት ስደርስ ለሠራተኛው በእጁ ሰጥቼ ቀዳዳዎቹን አሳየዋለሁ፣ መኪናዋ ከመሬት እስክትነሳም ከአጠገቡ አልሄድም።

ቁጠባ ወዳድ (አትላንታ)

በውሉ ጉዳይ ከእህቴ ጥቂት እለያለሁ። የሞተርና የካምቢዮ ዋስትና ገና እያለ፣ ዛሬ መፈረም የግድ አይደለም። የፋብሪካው ዋስትና እስካላለቀ ድረስ፣ ከመኪናዋ ግዢ በኋላም የሚገዙ ውሎች አሉ። ዛሬ በብድሩ ውስጥ ከተጨመረ ደግሞ ለውሉም ወለድ ይከፍሉበታል። እኔ ብሆን ያንኑ ገንዘብ በየወሩ በተለየ ሒሳብ አስቀምጠው ነበር። መኪናዋ ካልተበላሸች ገንዘቡ የእኔ ነው፣ ጎማና ፍሬን ሸራንም ይከፍልልኛል፤ እነዚህን ደግሞ ውሉ አይሸፍናቸውም። በመስኮቷ ላይ የተለጠፈውን የገዢ መመሪያ ወረቀትም ይመልከቱ፤ ያገለገለ መኪና የሚሸጥ ዲለር መኪናዋ በዋስትና ወይም ያለ ዋስትና መሸጧን በዚያ ላይ እንዲገልጽ በፌዴራል ደንብ ይገደዳል፣ የሽያጩ ውል አካልም ነው።

የፌርፋክሷ

ወንድሜ ያሉት ገንዘቡን በእርግጥ ለሚያስቀምጥ ሰው ይሠራል። ካምቢዮው በመጀመሪያው ዓመት ቢበላሽ ግን የተጠራቀመው አይበቃም፤ ስለዚህ በእጁ ጥሪት የሌለው ሰው ውሉን ቢገዛ አልነቅፈውም።

አዲስ ገዢ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በምክራችሁ መሠረት ዲለር ሄጄ አስመርምሬአለሁ። የኮምፒውተሩ ፕሮግራም የፋብሪካው ነው፤ ካታላይዘሯም በቦታው አለ፤ የካምቢዮው ፍልትሮ በጊዜው መቀየሩን የሚያሳይ ደረሰኝም ተገኝቷል። ሻጩ ያቀረበው ውል የሦስተኛ ወገን ሆኖ ስለተገኘና ለተቀየረ ማርሚታ የተጻፈው አንቀጽ ልክ እህቴ እንዳለችው ስለሆነ አልገዛውም። የአምራቹን ውል የፋብሪካው ዋስትና ከማለቁ በፊት እወስናለሁ።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ። ጠዋት በቀዝቃዛ አየር መሪውን እስከ መጨረሻው አዙሬ ከፓርኪንግ ሳወጣት የፊት ጎማዎቿ እየዘለሉ የሚንቀጠቀጡ ይመስላሉ። ይህ ብልሽት ነው? በክረምትስ በእነዚሁ ጎማዎች ልነዳት እችላለሁ?

የጋራዥ ሰው (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መዝለሉ ብልሽት አይደለም። መሪው ጥግ ድረስ ሲዞር የውስጥና የውጭ የፊት ጎማዎች የሚፈልጉት አቅጣጫ ስለሚለያይ፣ ሰፊና ደረቅ የሆነ ቀዝቃዛ ጎማ ከመንሸራተት ይልቅ እየነጠረ ይሄዳል። ጎማው ሲሞቅ በእጅጉ ይቀንሳል፤ መሪውን ትንሽ መለስ ማድረግም ይበቃል።

የክረምቱ ጥያቄዎ ግን የደኅንነት ጉዳይ ነው። ዜድ51 ከፋብሪካ የሚወጣው በሚሼሊን ፓይለት ስፖርት 4ኤስ ሲሆን ይህ የበጋ ጎማ ነው። ከ4 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች መንገድ የመያዝ አቅሙ በጣም ይወድቃል፤ ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ደግሞ መኪናዋ ብትንቀሳቀስ ጎማው ሊሰነጠቅ ይችላል። ወደ ሥራ የሚነዷት ከሆነ ለክረምቱ ለሁሉም ወቅት የሚሆን ጎማ፣ ከፊት 245/35 በ19፣ ከኋላ 305/30 በ20 በሆነው በዚያው ልክ ያስገጥሙ። የፊቱና የኋላው ልክ ስለሚለያይ ቦታ ማቀያየር አይቻልም፤ የኋላዎቹም ቀድመው ያልቃሉ። አሁን የተገጠሙትን ከመቀበልዎ በፊት በጎናቸው ላይ ዶት (DOT) ከሚለው ጽሑፍ በኋላ ያሉትን የመጨረሻ አራት አኃዞች ያንብቡ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ ቀጣዮቹ ሁለቱ ዓመቱን ያሳያሉ። በ21,000 ማይል የኋላዎቹ ተቀይረው የፊቶቹ ግን ከፋብሪካ የመጡት ራሳቸው ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ አራቱንም ለየብቻ ይመልከቱ።