የድሮ ያማሃ ዲቲ 125 የፊት መብራት ደከመብኝ፤ አምፖሉን ልቀይር ወይስ ወደ 12 ቮልት ልዙር?

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)

ጤና ይስጥልኝ። አባቴ ለግብርና ሥራ ገጠር ለገጠር የዞሩበትን፣ በኋላም በጨረታ የገዙትን ያማሃ ዲቲ 125 ሞተር ሳይክል ዛሬ እኔ እይዘዋለሁ። ሞተሩ በሁለተኛው ርግጫ ይነሣል፤ ዳገትም አይፈራም። ያስቸገረኝ የፊት መብራቱ ነው።

አምፖሉ ላይ 6 ቮልት፣ 25/25 ዋት የሚል ጽሑፍ አለ። አማኑኤል ከተማ ሥራ ውዬ ወደ ደብረ ማርቆስ ስመለስ ከመሸብኝ ብርሃኑ ከፊት ጎማው ብዙ ርቆ አይሄድም። ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ እንደ ፍም ይቀላል፤ ጋዝ ስሰጠው ጥቂት ይነጣል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጉም ሲወርድማ ከነጭራሹ የለም ማለት ይቻላል። በቅርቡ ከገበያ የሚመለሱ ሁለት አህዮችንና ጥቁር ብርድ ልብስ የደረቡ ባለቤታቸውን ያየኋቸው ስድስት ወይም ሰባት ርምጃ ሲቀረኝ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ፍሬኑ ያዘልኝና ቆምሁ። ሽማግሌው ቀረብ ብለው «ልጄ፣ መብራት የለህም እንዴ?» ሲሉ ጠየቁኝ፤ መብራቴ ግን በርቶ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ነገሩን ችላ ልለው አልቻልሁም።

አንድ የመለዋወጫ ሱቅ «ይኼ ይበልጥ ያበራል» ብሎ ለአዲሶቹ ሞተር ሳይክሎች የሚሆን ባለ 12 ቮልት፣ 35/35 ዋት አምፖል ሸጦልኝ ነበር። በሚኒሞ ጭራሽ ደበዘዘ፤ ጋዝ ስሰጠው ግን ደህና በራ። ይሁን እንጂ በዚያው ምሽት የኋላ መብራቴ ተቃጠለ። አዲስ ባስገባም በማግሥቱ እርሱም ተቃጠለ። አሁን የድሮውን አምፖል መልሻለሁ። ኤልኢዲ ላስገባ፣ 35 ዋት ሃሎጅን ልፈልግ ወይስ ሁሉንም ወደ 12 ቮልት ልለውጠው? የሠራችሁበት ሰዎች ብትመክሩኝ ትልቅ ውለታ ነው።

መልስ 1 (ከባሕር ዳር)

ወንድሜ፣ እንኳን ተረፉ። የመኪናና የሞተር ኤሌክትሪክ ስሠራ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ እንዲህ ያለ ችግር ይዘው ከሚመጡ የድሮ ሞተሮች በአብዛኞቹ ጥፋተኛው አምፖሉ ሆኖ አላገኘሁትም። ስለዚህ አዲስ ነገር ከመግዛትዎ በፊት አምፖሉ ጋ ስንት ቮልት እንደሚደርስ ይለኩ።

ምክንያቱን ላስረዳ። 25 ዋት አምፖል በ6 ቮልት ሲሠራ ከ4 አምፔር በላይ ይስባል፤ በ12 ቮልት ቢሆን ግን 2 አምፔር ገደማ ይበቃው ነበር። በዛገ ማሳ (የአምፖሉ ኤሌክትሪክ በሞተሩ ብረት በኩል የሚመለስበት ማያያዣ) ወይም በጠቆረ ማብሪያ ማጥፊያ ላይ ሩብ ኦም የምታህል ተቃውሞ ብትኖር፣ በ6 ቮልት መስመር ላይ አንድ ቮልት ሙሉ ትበላብናለች። የክር አምፖል ብርሃን ደግሞ ቮልቱ በቀነሰበት መጠን ብቻ አይቀንስም፤ ከዚያ እጅግ ፈጥኖ ይወድቃል። ቮልቱ በ10 በመቶ ሲጎድል ብርሃኑ በ30 በመቶ ገደማ ይጎድላል፤ ከ6 ወደ 5 ቮልት ሲወርድም የሚቀረው ግማሽ ያህል ብቻ ነው። ያች ሩብ ኦም በ12 ቮልት መስመር ላይ ብትገኝ ኖሮ ጉዳቷን ልብ ባላልነው ነበር።

በ12 ቮልት አምፖል ያጋጠመዎትም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። በእነዚህ ሞተሮች ላይ የፊት መብራቱ ከባትሪ አይመገብም፤ ቮላኖው (ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ባለ ማግኔት ክብ ብረት) ሥር ካለው የመብራት ኮይል፣ ማለትም ከተጠመጠመው ሽቦ፣ በቀጥታ ተለዋዋጭ (ኤሲ) ኤሌክትሪክ ይወስዳል። ጋዝ ሲሰጡ የሚደምቀውም ስለዚህ ነው። ብዙዎቹ የቮልት መቆጣጠሪያ የላቸውም፤ ቮልቱ ከልክ እንዳያልፍ የሚይዘው ራሱ የአምፖሉ ጭነት ነው። እርስዎ ትንሽ የሚስብ አምፖል ሲያስገቡ ኮይሉ የሚሸከመው ቀለለና ሞተሩ ሲፈጥን ቮልቱ ወደ ላይ ወጣ፤ ያን ትርፍ የኋላዋ ትንሽ አምፖል ተቀበለችውና ተቃጠለች። የፊት አምፖል መንገድ ላይ በተቃጠለ ቁጥር የኋላው ተከትሎት የሚሄደውም በዚሁ ምክንያት ነው።

አሁን እንዲህ ያድርጉ። ቴስተሩን በተለዋዋጭ ቮልት ላይ ያድርጉት፤ በቋሚው (ዲሲ) ከለኩ ንባቡ ያሳስትዎታል። ሞተሩን አስነሥተው መብራቱን ያብሩና ጋዙን በመካከለኛ ፍጥነት አጽንተው በመጀመሪያ አምፖሉ ሁለት ጫፎች ላይ፣ ቀጥሎ ከኮይሉ በሚወጣው ሽቦና በሞተሩ አካል መካከል ይለኩ። ከዚያ አንዱን ጫፍ በአምፖሉ የማሳ ሽቦ ላይ፣ ሌላውን በሞተሩ ብረት ላይ ያድርጉ፤ እዚያ ዜሮ ገደማ ካላነበበ የጠፋው ብርሃንዎ የት እንዳለ አገኙት። ርካሽ ቴስተር በማግኔት ኤሌክትሪክ ላይ ጥቂት ሊሳሳት ይችላል፤ በፊትም በኋላም በአንዱ ቴስተር ከለኩ ግን ልዩነቱን በትክክል ያሳይዎታል።

መልስ 2 (ከፍኖተ ሰላም)

ከላይ የተጻፈውን ተቀብዬ ስለ ኤልኢዲ የደረሰብኝን ልጨምር። እኔም የድሮ ባለ 6 ቮልት ሞተር አለኝ፤ 8 ዋት ገደማ የሚስብ ኤልኢዲ አስገብቼበት ነበር። በመጀመሪያው ምሽት ብርሃኑ ነጭና ብርቱ ስለ ነበር በጣም ደስ አለኝ። ነገር ግን ሁለት ጉድለት ታየ። አንደኛው፣ በሚኒሞ ሲሠራ ይርገበገባል፤ ከፊቴ የሚሄድ ብስክሌት ጎማው ቆም እያለ የሚዞር ይመስለኝ ነበር። ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ በየዙሩ ዜሮን ያልፋል፤ የክር አምፖል በያዘው ሙቀት ያንን ክፍተት ይሻገረዋል፣ ኤልኢዲ ግን ወዲያው ይጠፋል። ሁለተኛው፣ ኮይሉ ጭነቱ ስለ ቀለለለት የኋላ አምፖሎች ይቃጠሉ ጀመር፤ ሦስት ከቀየርሁ በኋላ ኤልኢዲው ራሱ ሞተ።

ቆይቼ ለተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ የሚሆን የ6 ቮልት ሬጉሌተር (የቮልት መቆጣጠሪያ) ገዝቼ በመብራቱ መስመርና በማሳ መካከል አሰርሁ፤ አሁን የኋላው መብራት አይቃጠልም። ያለ ሬጉሌተር ኤልኢዲ ማስገባት ገንዘብን መንገድ ላይ መበተን ነው። ከጉም ጋር በተያያዘም እኔ ወደ ክር አምፖል ተመልሻለሁ። የኔው ኤልኢዲ ብርሃኑን የሚሰጠው የድሮው ክር ከሚቀመጥበት ትክክለኛ ነጥብ ላይ ስላልነበረ አንጸባራቂው ሊሰበስበው አልቻለም፤ ወደ ላይ የተረጨው ብርሃን ከጉሙ እየተመለሰ ዓይኔን ይጋርደኝ ነበር። ከፊት የሚመጡ ሾፌሮችም ረጅም መብራት ያበራሁ እየመሰላቸው ያበሩብኛል።

መልስ 3 (ከእንጅባራ)

ስለ 35 ዋት ሃሎጅን የጠየቁት አልተመለሰም። ኮይልዎ የተሠራው ለ25 ዋት ከሆነ 35 ዋት ሲጭኑበት ቮልቱን ይጥላል፤ ከፍ ያለ ዋት ገዝተው ቢጫ ብርሃን ያገኛሉ ማለት ነው። ይልቅ ያው 6 ቮልት 25/25 ሆኖ በሃሎጅን የተሠራ ካገኙ፣ በእኩል ዋት ከተራው የተሻለ ብርሃን ይሰጣል። ሲገዙ የአምፖሉን መቀመጫ በካሊፐር ይለኩ፤ 20 ሚሊሜትር ሆኖ ሁለት ጆሮ ካለው ቢኤ20ዲ የሚባለው ነው፤ ቀጠን ያለና ቆብ መሳይ ክብ ያለው ከሆነ ግን ሌላ ዓይነት ስለሆነ የድሮውን ናሙና ይዞ መሄድ ይሻላል። የሃሎጅኑን ብርጭቆ በጣትዎ አይንኩ፤ የቆዳ ቅባት ግሎ ብርጭቆውን ይጎዳዋል። ከነኩት በአልኮል ጠርገው ያስገቡ።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላሳስብ። አንጸባራቂውን ሊያጸዱ ብለው በጨርቅ አይፈትጉት። እኔ እንጨት ላይ ጨርቅ ጠቅልዬ ውስጡን ስወለውል የብሩ ቀለም እንደ ዱቄት ተላቆ ወጣብኝና ሙሉውን መብራት ለመቀየር ተገደድሁ። ለብ ባለ ውኃ ላይ አንዲት ጠብታ ሳሙና ጨምረው አለቅልቀው በፀሐይ ደፍተው ማድረቅ ይበቃል። የተገዛው መብራት በግራ ከሚነዳባቸው እንደ ጃፓን፣ ህንድና ኬንያ ካሉ አገሮች የመጣ ከሆነ ደግሞ መስታወቱን ያስተውሉ፤ አንዳንዱ አጭር መብራቱን በግራ በኩል ከፍ አድርጎ የሚጥል ነው፤ እኛ በቀኝ ስለምንነዳ ያ ብርሃን በቀጥታ ከፊት የሚመጣው ሰው ዓይን ላይ ያርፋል።

የጠያቂው ምላሽ (ከደብረ ማርቆስ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በተለይ ከባሕር ዳር የጻፉልኝ ጋሼ እንዳዘዙኝ እሑድ ጠዋት ከጎረቤቴ ቴስተር ተውሼ ለካሁ። በመካከለኛ ፍጥነት ከኮይሉ በሚወጣው ሽቦ ላይ 6.3 ቮልት ሲኖር አምፖሉ ጋ የሚደርሰው 4.4 ብቻ ነበር። በአምፖሉ ማሳና በሞተሩ ብረት መካከል ያለው ብቻውን 1.2 አነበበ፤ በማብሪያ ማጥፊያው ላይ ደግሞ 0.6 ይጠፋል።

የመብራቱን ቤት ከፍቼ ማሳውን ተከትዬ ስሄድ ሽቦው በአንዲት ትንሽ ብሎን ከመብራቱ ማቀፊያ ጋር ታስሯል፤ ማቀፊያው ግን ከዓመታት በፊት ቀለም ስለ ተቀባ ብሎኑ የተቀመጠው ብረት ላይ ሳይሆን ቀለም ላይ ነው። ሥሩ ደግሞ እንደ ሚጥሚጣ የቀላ ዝገት ነበር። አባቴ ቀለሙን ሲቀቡ ቆርቆሮውን የያዝሁላቸው እኔ ነበርሁ። በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ ብረቱን አወጣሁ፤ ከዚያም ከአምፖሉ መቀመጫ እስከ ሞተሩ ብሎን ድረስ ወፈር ያለ አዲስ የማሳ ሽቦ ጎትቼ ጫፎቹን በስታኞ በየድኩ። ማብሪያ ማጥፊያውን ፈትቼ የጠቆሩትን የነሐስ ምላሶች ቀስ ብዬ አጸዳሁ፤ ውስጡ ያለችው የብረት ኳስ ልትጠፋብኝ ስለነበር ይህን የሚሠራ ሰው ከሥሩ ነጭ ጨርቅ ያንጥፍ።

አሁን አምፖሉ ጋ 5.9 ቮልት ይደርሳል፤ የለወጥሁትም አንድ ሽቦ ብቻ ነው። ትናንት ምሽት ያንኑ የአማኑኤል መንገድ ሄድሁበት፤ ከመንገዱ ዳር የሚሄዱ ሰዎችን በቂ ርቀት ሲቀረኝ አያቸዋለሁ። ይሁንና አንድ ቀን ባለ 12 ቮልት ባደርገው እወድ ነበር፤ የ6 ቮልት አምፖል ማግኘት እየከበደ ስለሄደ ነው። ከባድ ሥራ ነውን?

መልስ 4 (ከባሕር ዳር)

በጣም ደስ ብሎኛል፤ በ4.4 ቮልት ይነዱ የነበረው ከሚገባው ብርሃን አንድ ሦስተኛ ገደማ ይዘው ነው።

12 ቮልቱ ይቻላል፤ ግን ሳይቸኩሉ ያድርጉት። የመብራት ኮይሉን ኮይል ለሚጠመጥም ባለሙያ ወስደው፣ ዙሩን እጥፍ፣ የሽቦውን የቁርጥ ፊት ስፋት (ውፍረቱን ሳይሆን) ግማሽ አድርጎ እንዲጠመጥመው ይንገሩት፤ 1 ሚሊሜትር ሽቦ የነበረው 0.7 ይሆናል ማለት ነው። ማቀጣጠያውን የሚመግበውን ኮይል ግን እንዳይነካው ያስጠንቅቁት። ቮላኖውን ሲያወጡ በልኩ የተሠራ ፑለር (መንቀያ) ይጠቀሙ፤ በመዶሻ መምታት ማግኔቱን ያደክማል፣ የክራንኩንም ጫፍ ያበላሻል። ከዚያ የ12 ቮልት ሬጉሌተር፣ ባትሪ፣ የፊትና የኋላ አምፖሎች፣ የፍሬቻ አምፖሎችና ማርገብገቢያ፣ ክላክስም አብረው ይቀየራሉ። አንዱን ረስተው የ6 ቮልቱን ከተዉት የመጀመሪያው ቀን ላይ ይቃጠላል። ኮይሉ የሚያመነጨው ዋት እንደማይጨምርም ይወቁ፤ ስለዚህ በ12 ቮልትም ቢሆን 25/25 ዋት አምፖል ይበቃዎታል፤ የአዲሶቹ ሞተሮች 35/35 ያከብድበታል።

እስከዚያው መብራቱን ያስተካክሉ። ምድሩ ደልዳላ የሆነበት ቦታ ፈልገው፣ ከግድግዳ 5 ሜትር ርቀው ሞተሩ ላይ እንደወትሮው ይቀመጡ፤ ሌላ ሰው የመብራቱን መካከል ከፍታ በግድግዳው ላይ በጠመኔ ያስምርልዎት። የአጭር መብራቱ የላይኛው ጠርዝ ከዚያ መስመር ከ5 እስከ 10 ሳንቲሜትር ዝቅ ብሎ መታየት አለበት። ከኋላ ሰው ወይም ጭነት የሚይዙ ከሆነ የኋላው ስለሚጎብጥ ያንኑ ጭነው ይለኩ።