ሰርቭ ስመታ ሰውነቴን ባዞርም ኳሱ መረብ ላይ ይቀራል

የጦሳ ልጅ፦
ሰላም ጀመዓ። ቴኒስ ነው፣ ደሴ ነው የምጫወተው፣ በቀኝ እጄ ነው የምመታው። «የሰርቭ (የማስጀመሪያው ምት) ኃይል ከእጅ ሳይሆን ከሰውነት ነው» ሲባል ሰምቼ ጀርባዬን ለመረቡ ሰጥቼ ነው የምነሳው። ፍጥነቱ መጥቷል። ኳሱ ግን ወይ መረብ ላይ ይቀራል ወይ ወደ ግራ ይወጣል፤ የመጀመሪያው ሲሳት ሁለተኛውን ሰርቭ ሳቀልለው ደግሞ ማረፍ ያለበትን ሳጥን አልፎ ይሄዳል። ማታ ማታም ወገቤን ይይዘኛል። መዞሩን ልቀንስ?

የቃሉው፦
አብሽር ወንድምዓለም። መዞርህ አልበዛም፣ አቅጣጫውን ነው የሳተው።

እኛ ቆላ ያደግን ልጆች ማሽላ ስንጠብቅ ማማ ላይ ቆመን ወንጭፍ እንወነጭፍ ነበር። ወገብ ይቀድማል፣ ክንድ ተጎትቶ ይከተላል። ቅደም ተከተሉ ለሰርቭም ያው ነው፦ ጉልበት፣ ዳሌ፣ ትከሻ፣ ክንድ። ወንጭፍ ግን ወደ ጎን ዞሮ ይበቃዋል፤ የሰርቭ ኳስ ያለው ከአናትህ በላይ ነው። ስለዚህ ትከሻህ መገላበጥ አለበት። ኳሱን ስትወረውር ግራው ከፍ ቀኙ ዝቅ፣ ስትመታ ቀኙ ከፍ ግራው ዝቅ።

አሁን ግራ እጅህን ተመልከት። ኳሱን እንደለቀቅክ የምታወርደው ከሆነ ደረትህ ቀድሞ ይከፈታል፣ አንገትህ ይጎነበሳል፣ ኳሱም መረብ ነው። ወደ ግራ መውጣቱም ከዚሁ ነው። ወገብህ ደግሞ ምናልባት ጉልበትህን ሳታጥፍ በጀርባህ ብቻ ስለምትለጠጥ ይሆናል፤ ሕመሙ ካልተወህ ግን አርፈህ ታየው።

መልመጃ ከፈለግክ የሰርቭ መስመሩ ላይ ተንበርክከህ ምታ። ወደ ላይ ካልመታህ መረቡን አታልፍም፣ ሌላ አስተማሪ አያስፈልግህም።

ኮምቦልቻ ሜዳ፦
ጋሼ ያሉት ልክ ነው፣ የሁለተኛው ሰርቭ ነገር ግን ሌላ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ኳሱን ብዙ አይዘውም። ዓለም አቀፉ የቴኒስ ፌዴሬሽን ከ1,219 ሜትር በላይ ለሚደረግ ጨዋታ ለብቻው የተሠራ ኳስ ይፈቅዳል፤ እኔ እጅ የገባው ግን ሁሌም ተራው ነው። ማቅለል አያዋጣህም፣ ሽክርክሪት ነው የሚያወርደው። ኳሱን ትንሽ ወደ ግራ፣ ከአናትህ በላይ ወርውርና ከታች ወደ ላይ ጠርገህ ምታው። ደረትህ እዚህ ጎኑን ይዞ ይቆይ፣ ከመጀመሪያው ሰርቭም በላይ።

የጦሳ ልጅ፦
ወላሂ ግራ እጄ ነው! ቪዲዮዬን አሁን አየሁት፣ ኳሱ ገና እየወጣ እጄ ታፋዬ ጋ ደርሷል። ግን ጋሼ፣ ላይ ሳቆየው ሚዛኔ ይጠፋል። የኋላ እግሬን ላስጠጋው?

የቃሉው፦
ሁለቱም ይሠራል። ከታላላቆቹ ተጫዋቾች ፌደረር ባለበት ይተወው ነበር፣ ሴሬና ታስጠጋው ነበር። አንተ ለጊዜው አታንቀሳቅሰው፣ የሚቆጣጠሩት ነገር ይቀንስልሃል። ግራ እጅህን ስታወርደውም ወደ ውጭ አትወርውረው፤ ሆድህ ላይ እጠፈው። ያኔ ደረትህ ይገታል፣ ፍጥነቱ ወደ ቀኝ ክንድህ ያልፋል።