ከመካንነት ሕክምና በፊት የሥነ ልቦና ምክር ግዴታ ይሁን?

አወያይ፦ ጥንዶች አይቪኤፍ በመባል የሚታወቀውን ከማኅፀን ውጭ ፅንስ የማዳበር ሕክምና ከመጀመራቸው በፊት የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ እንዲቀርቡ ሕግ ያስገድዳቸው ወይስ ለፈቃዳቸው ይተው? እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የብሪታንያ ሕግ ምክሩን የማግኘት ዕድል እንዲሰጣቸው ያዝዛል፤ ተቀበሉ ብሎ ግን አያስገድድም።

የቀድሞ ታካሚ፦ ግዴታ ይሁን። ስለ መርፌው በደንብ ነግረውናል፤ ውጤት ስለ መጠበቁ ግን ማንም አልነገረንም። ፅንሱ ማኅፀን ውስጥ ከተቀመጠ በኋላ ውጤቱ እስኪታወቅ ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጃል። በዚያ ጊዜ የሚሰጠው ፕሮጄስትሮን የተባለ ሆርሞን ጡት ያሳምማል፣ ሆድ ይነፋል፣ ያደክማል፤ ቁርጥ እርግዝና! ባለቤቴ «ምን ተሰማሽ?» ሲለኝ እቆጣለሁ፣ ዝም ሲል አኮርፋለሁ።

ታዛቢ፦ ሕመምዎ ይገባኛል። ነገር ግን ያለ ሕክምና የሚወልድን ሰው ማንም አይፈትነውም። ምክሩ ግዴታ ከሆነ መካሪው በር ጠባቂ ይሆናል፤ ጥንዶቹም «አትበቁም» እንዳይባሉ ጭንቀታቸውን ውጠው፣ ፈገግ ብለው ይወጣሉ። ዕድሜዋ ለገፋ ሴት ደግሞ ተጨማሪ ወረፋ ራሱ ጉዳት ነው።

ነርሷ፦ ባሎችን ረሳችኋቸው። በግማሽ ያህሉ የጥንዶች መካንነት ውስጥ የወንዱ ችግር ድርሻ አለው። መርፌው፣ አልትራሳውንዱ፣ እንቁላል ማውጣቱ ግን ሁሉም በሴቷ ላይ ነው። እሱ ናሙናውን በብልቃጥ አስረክቦ ኮሪደር ላይ ይቀመጣል፤ በእኔ ምክንያት ትወጋለች እያለ ይሸማቀቃል። በፈቃድህ ና ቢሉት «እኔ ምን ሆንኩ?» ብሎ ይቀራል።

አንባቢ፦ አንድ ነገር ይታረም። «ስለተጨነቅሽ ነው ያልያዘልሽ» የሚሉ ዘመዶች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ፣ 14 ጥናቶችን ያጣመረ ትንተና ከሕክምናው በፊት የነበረ ጭንቀት የአንድን የሕክምና ዙር ውጤት እንደማይወስን አሳይቷል። ስለዚህ ምክሩ እርግዝና ለማምጣት ነው ተብሎ አይሸጥ። ያ ጥፋቱን መልሶ በሴቷ ላይ መጫን ነው።

ታዛቢ፦ እንግዲያው የሚገደደው ክሊኒኩ ይሁን። ባለሙያ ያስቀምጥ፣ ክፍያውን በሕክምናው ያጠቃልል፣ ባልንም በስሙ ይጥራ።

የቀድሞ ታካሚ፦ በዚህ እስማማለሁ፤ ግን አንድ ጥያቄ ለፈቃድ አይተው። ካልተሳካ መቼ እናቆማለን? ከመጀመሪያው ዙር በፊት ሲነሳ ውይይት ነው። ገንዘቡም አቅሙም ካለቀ በኋላ ሲነሳ ግን ጠብ ነው፤ አንዱ «ተስፋ ቆረጥክ» ይላል፣ ሌላው «እስከ መቼ?» ይላል።

ታዛቢ፦ ይጠየቁ፤ መልሳቸው ግን መዝገብ ላይ አይስፈር።