ብቻውን ሲሆን የሚያምርበት ልጅ ሰው ፊት ይጠፋበታል፣ ምን ይሻላል?

ጀማሪ አስተማሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለሕፃናት ፒያኖ አስተምራለሁ። የተማሪዎቼ ኮንሰርት ወር ቀርቶታል። ያስጨነቀኝ የ8 ዓመት ተማሪዬ ነው። የሚጫወተው ብዙ ሰው የሙዚቃ ደራሲው ባኽ ነው የሚለውን፣ እንደ እውነቱ ግን የክርስቲያን ፔትዞልድ የሆነውን የጂ ሜጀር ሚኑዌት (አጭር የዳንስ ሙዚቃ) ነው። ሁለታችን ብቻ ስንሆን አንጀት ያርሳል። እናቱ ገብታ ስትቀመጥ ግን መሃል ላይ ይጠፋበትና ከመጀመሪያው ይነሳል። አንዳንዴ ጭራሽ መውጫው ጠፍቶት ያንኑ ይደጋግማል። ኖታ ላስቀምጥለት ወይስ በቃሉ ይጫወት? ቤቱ ያለው ደግሞ ኪቦርድ ነው፤ መድረክ ላይ የሚጠብቀው ትልቅ ፒያኖ።

ነባሯ መምህርት፦
የኔ ልጅ፣ የሚጠፋበትን ቦታ ሳላየውም የማውቀው ይመስለኛል። ያ ሙዚቃ ወጥመድ አለው። ከ1 እስከ 6 እና ከ9 እስከ 14 ያሉት ባሮች (ኖታው ላይ በቋሚ መስመር የተከፈሉት ክፍሎች) የቀኝ እጅ ዜማቸው አንድ ነው። የሚለያዩት 7ኛውና 15ኛው ላይ ነው። 7ኛው ወደ ላይ ይወጣና ዜማው ኤ የሚባለው ድምፅ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። 15ኛው ይወርድና ጂ ላይ ያርፋል። ልጁ 15ኛው ላይ ደርሶ ጣቱ የ7ኛውን ከመታ፣ አለቀ፣ ዙሪያ ጥምጥም ነው። ስለዚህ እነዚህን ሁለት ባሮች ብቻ ነጥለሽ አውጪና እያፈራረቀ ይጫወታቸው። በቀኝ እጅ ብቻ፣ ቀስ ብሎ፣ ዜማውን በአፉም እያለ።

ከዚያ 1ኛው፣ 9ኛው፣ 17ኛውና 25ኛው ባር ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጊለት። ቁጥር ጥሪ፣ ከዚያ ይነሳ። ሁሌ ከመጀመሪያው የሚነሳ ልጅ ሙዚቃውን የሚያውቀው በጣቱ ብቻ ነው። ጣት ደግሞ ሰው ፊት ይከዳል! እየተጫወተ ሳለ ድንገት አጨብጭቢ፤ እሱም ወደሚቀጥለው ምልክት ይዝለል። ልጆች ይሄን ጨዋታ ነፍሳቸው ነው። ዋናው ነገር ወደ ኋላ መመለስ የለም።

በቃል መጫወት እነ ሊስትና ክላራ ሹማን የሚባሉ ፒያኒስቶች በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያስለመዱት ነገር ነው፣ ሕግ አይደለም። ኖታው ይቀመጥለት። ግን ከዛሬ ጀምሮ እያየ ይለማመድ። ወሩን ሙሉ በቃሉ ተጫውቶ በዕለቱ ኖታ ቢደረግለት ዓይኑ የት እንዳለ አያገኘውም፣ ይብስበታል።

የሁለት ልጆች አባት፦
ለእኛ ለወላጆችም ንገሩልን እንጂ። "እንዳትሳሳት" ማለታችንን ብንተው ግማሹ ጭንቀት ይቀላል። እቤት ከዘመድ አንዱን ቁጭ አድርጎ ማጫወትም ጥሩ ነው፤ ሰው ከጠፋ ስልክ ደቅኖ መቅረፅ እንኳ ልብን ያስመታል።

ፒያኒስቱ፦
ስለ ኪቦርዱ ልጨምር። ብዙዎቹ ትንንሽ ኪቦርዶች 61 ቁልፍ ናቸው፣ ፒያኖው 88። ልጁ የለመደውን መሃል ፈልጎ ያጣዋል። ክብደቱም ሌላ ነው፤ ኪቦርድ ላይ ነካ ሲያደርገው የሚጮኸው ቁልፍ ፒያኖ ላይ ድምፅ ሳይሰጥ ሊቀር ይችላል። ከተቻለ ከዕለቱ በፊት እዚያው ፒያኖ ላይ ይጫወት። እግሩ የሚንጠለጠል ከሆነ ከስሩ ማረፊያ አድርጉለት፣ አለዚያ ትከሻው ይደርቃል። ቀለል ብሎ ይታያል እንጂ ብዙ ነገር ያበላሻል። ሲቀመጥ ደግሞ ቸኩሎ አይጀምር። ፍጥነቱን የሚወስነው የሚከብደውን ባር በልቡ አዜሞ ይሁን። መጀመሪያው ቀላል ስለሆነ ሁሉም በሩጫ ይጀምርና እዚያ ሲደርስ ይጨነቃል።

ጀማሪ አስተማሪ፦
እግዜር ይስጥልኝ መምህርት፣ ልክ እንዳሉት 15ኛው ላይ ነው። ዛሬ አየሁት። አንድ ነገር ብቻ፦ ጭብጨባው ላይ እየሳቀ ቴምፖው (የሙዚቃው ፍጥነት) ይጠፋበታል።

ነባሯ መምህርት፦
ይሳቅ ግዴለም። ምልክቶቹን እስኪለምዳቸው ቴምፖውን እርሺው፤ እሱን በመጨረሻው ሳምንት ትመልሺዋለሽ።