ለደሴዋ እህታችን፣ ስለ ልጅሽ መጽሐፍ

አብሽሪ እህቴ። «ልጄ በሚያነበው መጽሐፍ ሙታን ይጠራሉ፣ ወንድ ወንድን ያፈቅራል፣ ልቀማው ወይ?» ብለሻል። አትቀሚው። መጀመሪያ አንብቢው።

እኔ አንብቤዋለሁ፤ ልጄ ከትምህርት ቤት ላይብረሪ ይዛው መጥታ። «ሴሜተሪ ቦይስ» ይባላል፣ ኤይደን ቶማስ ጽፎት በ2020 የወጣ ነው። ታሪኩ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ነው፣ የላቲን አሜሪካ ተወላጆች ሰፈር። እዚያ ያለ አንድ ወገን መንፈስ የማየት ስጦታ አለው፤ ሴቶቹ ይፈውሳሉ፣ ወንዶቹ ደግሞ የሞተ ሰው መንፈስ ዓለምን አልለቅ ሲል ይሸኙታል። ያድሪኤል ሴት ተብሎ ተወልዶ ራሱን ወንድ አድርጎ የሚያውቅ ልጅ ነው፣ የሚያፈቅረውም ወንድ ነው። የወንዶቹን ሥርዓት ስለከለከሉት ከዘመዱ ጋር ተደብቆ ይፈጽመዋል። ከዚያ የተገደለ የሌላ ዘመዱን መንፈስ እፈልጋለሁ ሲል የሌላ ልጅ መንፈስ ይመጣበትና አልሄድም ይለዋል።

እኔን የያዘኝ የልጁ ፍላጎት ነው። የአያቶቼን ሥርዓት ስጡኝ ነው የሚለው። በሩን የዘጉበት የገዛ ወገኖቹ ናቸው። እኛ በስደት ቀን ከሌት የምንፈራው ልጆቻችን ወጋችንን እንዳይጥሉት አይደል? እዚህ ወጉን አጥብቆ የያዘው ያ የገፉት ልጅ ነው።

መንፈስ ደግሞ ለወሎ ሰው ምን እንግዳ ነገር አለው? ዛሩን፣ ውቃቢውን፣ የወዳጃውን ዱዓ እየሰማን ነው ያደግነው። የሐይቅን ታሪክ አስቢው። ልዕልቲቱ አንዲት ነፍሰ ጡር በደለች፣ እግዜር ተቆጣና ዙሪያውን ውሃ አደረገው፣ የተበደለችው የተቀመጠችበት መሬት ብቻ ቀረ፤ የእስጢፋኖስ ገዳም ያለው እዚያው ላይ ነው ይባላል። ተአምሩ ከተበደለችው ጎን ቆመ። ይህም መጽሐፍ እንደዚያው ነው። በሙታን ቀናቸው ለሞቱት ምግብ አዘጋጅተው ሲጠብቁ ሳነብ ተዝካሩና ሰደቃው፣ እስላም ክርስቲያኑ አንድ ላይ የሚቀመጥበት ድንኳን፣ ፊቴ ድቅን አለ።

ማንበብ ማንንም ጌይ አያደርግም። ልጅሽ ራሱን ፈልጎ ሊሆን ይችላል፣ ስለ ጓደኛው ብሎም ይሆናል፣ ወይ የጂኒ ታሪክ ስለሚወድ ብቻ። አትመርምሪው። አንብበሽ ስትጨርሺ «ከሁሉ ማንን ወደድክ?» በይው። እኛ ቤት ወሬው የተከፈተው እንዲህ ነው፤ ልጄ ስለ ትምህርት ቤቷ ሰምቼው የማላውቀውን ሁሉ አወራችኝ።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። ደሴ ላሉት ዘመዶች በስልክ እንዳታወሪ። አገር ቤት በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 በተመሳሳይ ጾታ መካከል የሚፈጸም ግንኙነትን በእስር ያስቀጣል፣ ከሕጉም በላይ የሰው አፍ አለ፣ ክረምት ልጅሽን ይዘሽ ስትሄጂ ያ ወሬ ቀድሞት ቤት ገብቶ እንዲጠብቀው አትፈልጊም። የሚነገር ነገር ካለ ባለቤቱ እሱ ነው፣ ጊዜውንም እሱ ይምረጥ።