የእናቴ የደም ግፊት ቤት ስለካው ለምን ከፍ ይላል?

ጠያቂ፦ እናቴ 68 ዓመቷ ነው፤ የግፊት መድኃኒት መውሰድ ከጀመረች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ጤና ጣቢያ 136/84 የነበረው ግፊቷ፣ በቅርቡ በገዛነው የክንድ መለኪያ ቤት ስለካው 158/94 ይሆናል፤ ስደግመው ደግሞ ሌላ ቁጥር ያሳየኛል። የምለካት ጠዋት ቡና ከጠጣን በኋላ፣ በርጩማዋ ላይ እንደተቀመጠች፣ ከሹራቧ እጅጌ በላይ አስሬ ነው። መድኃኒቱ አልሠራም ማለት ይሆን?

ነርስ፦ መድኃኒቱን ከመጠርጠርዎ በፊት አለካኩን ያስተካክሉ። ከቡና በኋላ ቢያንስ 30 ደቂቃ መቆየት ስለሚያስፈልግ አቦል ሳይቀርብ ይለኩ፤ የመለኪያው ጨርቅም ባዶ ክንድ ላይ፣ ከክርን መታጠፊያ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ይታሰር። እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ በርጩማው ነው፤ ጀርባቸው ድጋፍ አያገኝም፣ ክንዳቸውም ጉልበታቸው ላይ ሲያርፍ ከልባቸው በታች ይውላል፤ ክንድ በ10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ማለቱ ብቻውን ቁጥሩን 7 ወይም 8 ያህል ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ መደገፊያ ያለው ወንበር ላይ እግራቸውን ሳያነባብሩ ይቀመጡ፣ ክንዳቸውን ጠረጴዛ ላይ በትራስ ደግፈው ከልባቸው ትይዩ ያሳርፉላቸው፣ 5 ደቂቃም አርፈው ይለኩ። በሚለካበት ጊዜ አያነጋግሯቸው።

የግፊት ታካሚ፦ የጨርቁንም ልክ ይመልከቱ። የእኔ ጨርቅ ላይ ከ22 እስከ 32 ሴንቲ ሜትር የሚል ተጽፎ ሳለ፣ ክንዴን በልብስ ሰፊ ሜትር ብለካው 36 ሆኖ ተገኘ። የጠበበ ጨርቅ ግፊትን አብልጦ እንደሚያሳይ ሳላውቅ ወራት ሙሉ በከንቱ ስጨነቅ ኖሬያለሁ።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለት ጊዜ ለክቼ ቁጥሩ ሲለያይ የትኛውን ልጻፍ?

የጤና መኮንን፦ ሁለቱንም ይጻፉ፤ ትንሽ መለያየታቸው የተለመደ ነው። በ1 ደቂቃ ልዩነት ሁለት ጊዜ፣ ጠዋት ከመድኃኒትና ከቁርስ በፊት፣ ማታም እንዲሁ ለ7 ቀን ይለኩና የመጀመሪያውን ቀን ትተው የቀሪውን አማካይ ያውጡ። ቤት ሲለካ አማካዩ 135/85 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ከፍ ያለ ነው ይባላል፤ ያን ጊዜ ደብተሩንና መለኪያውን ይዘው ወደ ሐኪማቸው ይሂዱ፣ መሣሪያውም እዚያው ካለው ጋር ይመሳከር። የመድኃኒቱን መጠን ግን በራሳችሁ አትቀይሩ። ከ180/120 በላይ ሆኖ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ ጎን መዛል ወይም የንግግር መተሳሰር ካለበት ሳይዘገዩ ድንገተኛ ክፍል ያድርሷቸው።

ጠያቂ፦ ዛሬ ጠዋት ከቡና በፊት፣ ወንበር ላይ አስቀምጬ ለካኋት፤ 141/86 እና 138/84 ሆነ። ሰባቱን ቀን እቀጥላለሁ።