አስቸኳይ፦ ቅዳሜ ምረቃ ነው፣ የመጽሐፉ ኪውአር ኮድ አልከፍት አለ

ጣና ዳር፦
ሰላም ለሁላችሁ። የሚያውቅ ሰው ቶሎ ይመልስልኝ እባካችሁ። መጽሐፌ ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ሙሉዓለም አዳራሽ ይመረቃል። የጀርባ ሽፋኑ ላይ ኪውአር ኮድ አለ፣ ስካን ሲደረግ የቴሌግራም ቻናሌን ይከፍት ነበር። ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት ተሞክሯል፣ ይሠራ ነበር። ዛሬ ካርቶኑ ተከፍቶ ሲሞከር እንግሊዝኛ የተጻፈበት ነጭ ገጽ ብቻ ይመጣል። በሌላም ስልክ ያው ነው። 1000 ኮፒ ታትሟል። ኮዱን ከውስጥ ማስተካከል ይቻላል?

ባጃጅ ኮንትራት፦
የግጥም መጽሐፍ ከሆነ አትጨነቅ፣ ከኮዱ በፊት ገዢው ነው የሚጠፋው።

ዓባይ ማዶ፦
ገጹ ላይ ያለውን እንግሊዝኛ እንዳለ ጻፈው። ኮዱን በምን እንደሠራኸውም ተናገር። ያለዚያ ሁላችንም ግምት ነው የምንጽፈው።

ብራና፦
ወንድሜ፣ ጥያቄህ ስለ ኮዱ ቢሆንም ነገሩ ከዚያ በፊት ይጀምራል። ደራሲ አስቀድሞ ሊወስነው የሚገባ ነገር አለ፦ አንባቢ እንዲይዝልህ የምትፈልገው የመጽሐፉን ስም ነው ወይስ ያንተን? ቻናሉ በመጽሐፉ ርዕስ ከተከፈተ ሁለተኛው መጽሐፍ ሲወጣ እንደገና ሰው ልትሰበስብ ነው። በደራሲው ስም ከተከፈተ ግን ተከታዩ አብሮህ ይሻገራል። ሌላው የስም አጻጻፍ ነው። ሽፋኑ ላይ በ«ፀ»፣ ፌስቡክ ላይ በ«ጸ»፣ ባነሩ ላይ የአባት ስም ተጨምሮ ከሆነ፣ ስምህን ጽፎ የሚፈልግህ አንባቢ ላያገኝህ ይችላል። ሽፋኑ ላይ የታተመው አጻጻፍ ሁሉም ቦታ ይሁን። ፎቶም እንደዚያው፣ አንድ ፎቶ ሁሉም ቦታ። ስልክ ላይ ጥፍር ሲያህል ፊት መለየት አለበት። ጣናን ከኋላ አድርጎ በሩቁ የቆመ ሰው የመገለጫ ፎቶ ላይ ነጥብ ነው የሚሆነው። ባሕር ዳር ውስጥ ከፌስቡክ ገጾች ግማሹ እንደዚያ ነው መሰለኝ።

ጣና ዳር፦
እህትህ ነኝ። ስለ ስሙ ልክ ነህ፣ ግን አሁን ጊዜ የለኝም። ገጹ የሚለው ኮዱ እንዲቆም ተደርጓል፣ ባለቤቱ ከሆኑ ገብተው ዕቅድዎን ያሻሽሉ ነው። የሠራሁት ኢንተርኔት ላይ በነፃ በሚሠራ ድረ ገጽ ነው። ክፍያ አልጠየቀኝም ነበር።

ፔዳ ሰፈር፦
አዲስ ኮድ ሠርተሽ በስቲከር ለጥፊበት። አለቀ።

ፖሊ ግቢ፦
ነገሩ ግልጽ ሆነ። ኪውአር ኮድ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ቋሚው ነው፤ ጥቁርና ነጩ ራሱ አድራሻሽን ይዟል፣ ማንም ሊያጠፋው አይችልም፣ ማንም ሊቀይረውም አይችልም። ሁለተኛው ተቀያያሪው (ዳይናሚክ የሚሉት) ነው፤ ውስጡ ያለው ያንቺ አድራሻ ሳይሆን የድረ ገጹ አጭር ሊንክ ነው፣ ስካን ያደረገው ሰው መጀመሪያ እነሱ ጋ ሄዶ ከዚያ ወደ አንቺ ይላካል። ብዙዎቹ «ነፃ» ድረ ገጾች ይህንን በሙከራ ጊዜ ይሰጡና 7 ወይም 14 ቀን ሲሞላ መላኩን ያቆማሉ። መጽሐፍ ማተሚያ ቤት ከዚያ በላይ ስለሚቆይ ሲሞከር ሠርቶ ታትሞ ሲመጣ ይሞታል።

ማረጋገጥ ከፈለግሽ የስልኩን ካሜራ ኮዱ ላይ አድርጊና ሳትጫኚው የሚመጣውን አድራሻ አንብቢ። በ«ቲ ነጥብ ሚ» (t.me፣ የቴሌግራም አድራሻ) የሚጀምር ከሆነ ቋሚ ነው፣ ችግሩም ቻናሉ ላይ ነው ማለት ነው። ሌላ የማታውቂው ስም ከሆነ የተናገርኩት ነው።

ስለዚህ «ከውስጥ ማስተካከል» የሚቻለው እነሱ ጋ ገብቶ በመክፈል ብቻ ነው።

ጣና ዳር፦
አዎ የማላውቀው ስም ነው። ክፍያው በዶላር ነው፣ በዚያ ላይ የዓመት አንድ ላይ ይጠይቃል። ውጭ ያለች ዘመድ ትክፈልልኝ?

ደጃች ሜዳ፦
አዎ አስከፍያት፣ ወዲያው ይነሣል። ቅዳሜን ትሻገሪበታለሽ።

ፖሊ ግቢ፦
መነሣቱ ይነሣል። ግን መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ 10 ዓመት ይቀመጣል፣ ክፍያው በተቋረጠ ቀን እንደገና ይሞታል። መክፈል የሚያዋጣው መጽሐፉ ተበትኖ አንባቢ እጅ ከገባ፣ ልትደርሺበት ካልቻልሽ ነው። አንቺ ገና አልሸጥሽም። ከ1000ው ስንቱ ባሕር ዳር ነው ያለው?

ጣና ዳር፦
250 ነው የመጣው። ሌላው አዲስ አበባ ማተሚያ ቤቱ መጋዘን ነው።

ፖሊ ግቢ፦
ይህንን መጀመሪያ ብትነግሪን ጥሩ ነበር። ለቅዳሜ የሚያስፈልግሽ 250 ስቲከር ብቻ ነው። መጋዘን ያለውን ከመከፋፈሉ በፊት እዚያው ታስለጥፊዋለሽ። እስከዚያ አንድም ካርቶን ለመደብር እንዳይወጣ ዛሬውኑ ደውለሽ ንገሪያቸው።

መጽሐፍ አዟሪ፦
እህቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ? ስለ ኮዱ ይህን ያህል መድከም አያስፈልግም። አንባቢ መጽሐፍ የሚያነሣው ሽፋኑን፣ የጀርባውን ጽሑፍና ዋጋውን አይቶ ነው። ኮዱን ስካን የሚያደርገው አስቀድሞ የወደደሽ ነው። ምረቃ ላይ ገንዘብ የሚጠፋው ሌላ ቦታ ነው። የመሸጫው ጠረጴዛ መውጫው በር ላይ ይሁን፣ የፊርማው ጠረጴዛ ከእሱ ቀጥሎ። ፊርማ ቀድሞ ከሆነ ሰው አስፈርሞ ሳይከፍል በግርግር ይወጣል፣ አንቺም ፈርመሽ የሰጠሽውን መልሰሽ መጠየቅ ያሳፍርሻል። ሽያጩን ሌላ ሰው ይያዝልሽ፤ ደራሲ ራሷ ስትሸጥ ወዳጅ ሁሉ ቅናሽ ይላል። የቴሌብርና የባንክ ቁጥሩን ከነባለቤቱ ስም በአንድ ሙሉ ወረቀት ላይ በትልቁ አትመሽ ለጥፊ። ስሙ ከሌለ ከፋዩ «ልክ ነው?» እያለ ወረፋውን ያቆመዋል። ዝርዝር ብር ከጠዋቱ አዘጋጂ። የክብር እንግዳና የጋዜጠኛ ነፃ ኮፒ በስም ዝርዝር ተለይቶ ለብቻው ይታሰር፣ ካልሆነ ማታ ሒሳቡ አይገጥምም።

ፖሊ ግቢ፦
ጋሼ፣ የጠረጴዛው ነገር ትክክል ነው። ኮዱ አያስፈልግም የሚለው ላይ ግን አልስማማም። መደብር የገዛ አንባቢ ማን እንደሆነ ደራሲዋ በምንም አታውቅም። ሁለተኛው መጽሐፍ ሲወጣ የምትነግረው ሰው ያላት በዚያ ቻናል ብቻ ነው። ደግሞ የማይሠራ ኮድ ከነጭራሹ ከሌለው ይብሳል፣ አንባቢው የሚደርሰው የማያውቁት ድርጅት ማስታወቂያ ላይ ነው።

መጽሐፍ አዟሪ፦
ዳታ በጠፋ ቀንስ? ይህ ከተማ ስንት ቀን ያለ ዳታ ውሎ አድሯል።

ፖሊ ግቢ፦
ለዚያ ነው ከኮዱ ሥር የቻናሉ ስም በፊደል መጻፍ ያለበት። ዳታ ሲመጣ ቤቱ ሆኖ ይፈልገዋል።

ቀለምና ወረቀት፦
ስቲከሩን በተመለከተ፣ እህቴ የድሮው ኮድ መጠኑ ስንት ነው?

ጣና ዳር፦
በማስመሪያ 3 ሳንቲ ሜትር በ3። ዙሪያው ነጭ ሳጥን አለው፣ ከሳጥኑ ጋር 3.5 ይሆናል።

ቀለምና ወረቀት፦
እንግዲያው 4 በ4 ሳንቲ ሜትር አድርጊው። ኤ4 ስቲከር ወረቀት ላይ በአግድም 5፣ በቁመት 7፣ በድምሩ 35 ይወጣል፤ ለማተሚያው ጠርዝም ቦታ ይተርፋል። ለ250 መጽሐፍ 8 ወረቀት ይበቃል፣ 280 ይሆናል፣ የተበላሸ ይተካል። 10 ግዢ። ለሙሉው 1000 ደግሞ 29 ነው።

ወረቀቱን ስትገዢ ለሌዘር ፕሪንተር (የዱቄት ቀለም በሙቀት የሚያትመው) የሚሆን በይ። ለኢንክጄት (ፈሳሽ ቀለም ለሚረጨው) የተሠራውን ሌዘር ውስጥ ብታስገቢው በሙቀቱ ሽፋኑ ሊቀልጥ ይችላል፣ የፕሪንተሩን ባለቤት ታጣዪዋለሽ። ኢንክጄት ላይ አትሚው ካሉሽ ደግሞ እንቢ በይ፣ ላብ ያለው ጣት ሲነካው ቀለሙ ይፈሳል። አንዱን አትመሽ ከድሮው ኮድ ላይ ለጥፊና መስኮት ጋ ወስደሽ እዪ። የድሮው ጥቁር ከሥር ካሳየ ወረቀቱ ቀጭን ነው፣ ካሜራው ሁለቱን ያደባልቃል፣ ወፈር ባለው ለውጪው። ስትቆርጪ በመቀስ እንዳትሞክሪ፣ የወረቀት መቁረጫ ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት በአንዴ ይጨርሰዋል።

ፖሊ ግቢ፦
ኮዱን ስትሠሪ ቋሚው (ስታቲክ) መሆኑን እዪ። አካውንት ክፈቺ የሚል ድረ ገጽ ከሆነ ውጪ። ክሮም ብሮውዘር ራሱ የገጹን ሊንክ ወደ ኮድ ይቀይራል። ቴሌግራምም የቻናሉን ኮድ ይሰጣል፣ እሱ ግን ባለቀለም ስለሆነ ለኅትመት ጥቁር በነጩ ይሻላል። መሐሉ ላይ ፎቶ ወይም ሎጎ አታስገቢ።

የሊንኩ ርዝመት ለውጥ አለው። የቻናሉ ስም 13 ፊደል ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ከነሙሉ አድራሻው ቢበዛ 26 ፊደል ይሆናል፣ በመካከለኛ የስሕተት ማረሚያ (ኮዱ ትንሽ ቢበላሽም እንዲነበብ የሚያደርገው) ኮዱ 25 በ25 ነጥብ (ትንንሾቹ ካሬዎች) ብቻ ነው። አንዱን ነጥብ 1 ሚሊ ሜትር ብታደርጊው 2.5 ሳንቲ ሜትር ይወጣል። ዙሪያውን 4 ነጥብ የሚያህል ነጭ የግድ ነው፣ ስለዚህ 3.3 ሳንቲ ሜትር ያዘ። ከታች ለስሙ አንድ መስመር ይተርፍሻል። ነጩን ጠርዝ ለውበት ብለው የሚቆርጡት ዲዛይነሮች ናቸው ግማሹን ኮድ የሚገድሉት።

ፋይሉን ለፎቶ ኮፒ ቤቱ በቴሌግራም ስትልኪ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኪው። እንደ ፎቶ ከሄደ ይጨመቅና ጠርዙ ይደበዝዛል።

ጣና ዳር፦
የቻናሉ ስም የመጽሐፉ ርዕስ ነው፣ 19 ፊደል ነው። ወደ ራሴ ስም ልቀይረው ነው አሁን?

ብራና፦
አልኩ እኮ!

ፖሊ ግቢ፦
ከቀየርሽ ስቲከሩ ከመታተሙ በፊት፣ ዛሬ። ከታተመ በኋላ ከነካሽው አሁን ያለሽበት ችግር ተመልሶ መጣ ማለት ነው፤ ቴሌግራም የድሮውን ሊንክ ወደ አዲሱ አያሻግርም። ተከታዮችሽ አይጠፉም፣ ሊንኩ ብቻ ነው የሚሞተው። የሚፈቀደው ከ5 እስከ 32 የላቲን ፊደል ነው። ከለወጥሽ በኋላ የድሮው ስም ክፍት ሆኖ ሌላ ሰው እንዳይዘው ባዶ ቻናል ክፈቺበትና አዲሱን የሚጠቁም አንድ ፖስት ከላይ ሰክተሽ (ፒን አድርገሽ) ተዪው።

ደግሞ ተቀያያሪ ኮድ የሚሰጥሽን ጥቅም ቻናሉ በነፃ ይሰጥሻል። ላይ የተሰካውን ፖስት በፈለግሽ ጊዜ ታርሚዋለሽ፦ ዛሬ የምረቃው ቦታ፣ ሰኞ መጽሐፉ የሚገኝባቸው መደብሮች፣ ከዓመት በኋላ የሁለተኛው መጽሐፍ ምዕራፍ አንድ። ሽፋኑ ላይ ያለው ኮድ ግን አይነካም።

ዓባይ ማዶ፦
ባነሩ ላይም ያው ኮድ ነው እንዴ?

ጣና ዳር፦
ወይኔ። አዎ። ፌስቡክ ላይ የተለቀቀው ፖስተርም ላይ አለ።

ቀለምና ወረቀት፦
ባነሩን እንደገና አታሳትሚ። በዚያው በባነር ዕቃ ቁራጭ አሳትመሽ አስለጥፊበት፣ ባነር የሚሠሩ ቤቶች ትርፍ ቁራጭ አያጡም። መጠኑን በርቀት አስቢ፦ ከ3 ሜትር የሚያነሣ ሰው ካለ ኮዱ 30 ሳንቲ ሜትር ይሁን፣ የርቀቱ አንድ አሥረኛ። ሮልአፕ (ተዘርግቶ የሚቆም ባነር) ከሆነ ደረት ከፍታ ላይ ይሁን፣ ከታች ከሆነ ወንበር ይጋርደዋል።

ዓባይ ማዶ፦
የፌስቡኩን ፖስተር አጥፍተሽ አዲስ አትልቀቂ፣ ሼር ያደረጉት ሁሉ ይጠፋል። ከላይ ያለውን ጽሑፍ ብቻ አርሚና ሊንኩን በጽሑፍ ጨምሪ። ፖስተሩን ስልኩ ላይ የሚያይ ሰው በዚያው ስልክ እንዴት ስካን ሊያደርገው ነው? ሊንክ ነው የሚጫነው።

ባጃጅ ኮንትራት፦
በሁለተኛ ስልክ። ደራሲ ስንት ስልክ እንዳለን መች ያውቃል።

ጣና ዳር፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስሙን ቀየርኩት፣ 11 ፊደል ሆነ። ስቲከር ወረቀት ልፈልግ ወጣሁ።

መጽሐፍ አዟሪ፦
ሰኞ መደብሮች ጋ በአደራ ስታስቀምጪ ቀኑን፣ ብዛቱን፣ የሽፋን ዋጋውንና የመደብሩን ድርሻ በሁለት ኮፒ ጽፋችሁ ተፈራረሙ። ለጊዮርጊስ አካባቢና ለፔዳ ግቢ ተማሪ ለሚገዛባቸው መደብሮች 10፣ 10 እያደረግሽ ጀምሪ። 50 አንዴ ከሰጠሽ ካርቶኑ ሳይከፈት ሥር ይቀመጣል። በየ15 ቀኑ ሄደሽ ቁጠሪ፣ የተሸጠውን ብር ተቀብለሽ የጎደለውን ተኪ።

ፔዳ ሰፈር፦
አዲስ ኮድ ሠርተሽ በስቲከር ብትለጥፊበት አይሻልም?

ባጃጅ ኮንትራት፦
ፔዳ ሰፈር ዳታው አሁን ነው የመጣለት።

ቀለምና ወረቀት፦
እህቴ፣ የሽፋኑ ላሜኔሽን (የፕላስቲክ ልባሱ) ማት (የማያብረቀርቅ) ነው ወይስ ግሎሲ (የሚያብረቀርቅ)? ግሎሲ ከሆነ በደረቅ ጨርቅ ጠርገሽ ለጥፊ፣ ይይዛል። ማት ከሆነ ጠርዙ ይነሣል፣ በተለይ መጽሐፉ በካርቶን ተጠቅጥቆ ሲጓዝ። ለማት ከወረቀት ስቲከር ይልቅ የፕላስቲኩ ይሻላል፣ ሌዘር የሚችለውን ዓይነት ጠይቂ። ከለጠፍሽ በኋላ 20፣ 20 እየደረደርሽ አንድ ሌሊት ክብደት ጫኚበት። ዓርብ ማታ ሳይሆን ሐሙስ ለጥፊው።